የትምህርት ግብርና የሎተሪ ገንዘብ፤ የሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤት በማን ኪስ እንደ ቆመ

የአገራችንን የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ የጻፉ ሰዎች ትምህርት ቤቱን ማን መርቆ እንደ ከፈተው፣ የመጀመሪያው ዲሬክተር ከየት አገር እንደ መጣ፣ ስንት ልጆችም እንደ ተመዘገቡ በዝርዝር ይነግሩናል። የአስተማሪው ደመወዝ፣ የቆርቆሮውና የጠመኔው ዋጋ ከየትኛው ሣጥን እንደ ወጣ ግን ብዙዎቹ አልፈውት ይሄዳሉ። ይህን ጉዳይ ለመመርመር የተነሣሁት በእኛ በተማሪዎች መካከል በየውይይቱ ደጋግሞ ከሚነሣ አንድ አሳብ የተነሣ ነው። አሳቡም መንግሥት ከብሔራዊ ሎተሪ የሚያገኘውን ትርፍ ለሕዝብ ትምህርት ብቻ ቢመድበው፣ በጦርነት የተጎዱት የሰሜን ሸዋ ትምህርት ቤቶች ደኻውን መዋጮ ሳያስቸግሩ ይሠሩ ነበር የሚል ነው። አሳቡ ደግ ነው። ይሁን እንጂ አንድን ገቢ ለትምህርት ብቻ አስሮ መመደብ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ሎተሪው ከመቋቋሙ ዐሥራ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በባላገሩ መሬት ላይ ተሞክሯል። ስለዚህ ሁለቱን ገንዘቦች፣ ማለት የትምህርት ግብሩንና የሎተሪውን ብር፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ለክርክሩ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ማንሣት ይገባል፤ ለትምህርት የታሰረ ሀብት የተጀመረው ከዚያ ነውና። በአንኮበር ተራራና በዙሪያው ባሉት አድባራት፣ እንዲሁም በተጉለትና በመንዝ፣ ቄሱና ዲያቆኑ፣ ደብተራውና መሪጌታው የሚኖሩት በሰሞን መሬት ነበር። መሬቱን የያዘ ሰው በቤተ ክርስቲያኑ ማገልገል ግዴታው ነው፤ አገልግሎቱን ቢተው መሬቱን ሊያጣ ይችላል። ከአገልግሎቱም አንዱ ማስተማር ስለ ነበረ፣ የመምህሩ ቀለብ ከማሳው ጋር የተቋጠረ ነበር ማለት ነው። ተማሪው ግን ከዚህ ሀብት ድርሻ አልነበረውም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ለውሻ መከላከያ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምን ነበር። እንግዲህ የቀድሞው ትምህርት በጀት ሁለት ክፍል ነበረው ብንል አንሳሳትም፤ የመምህሩ በመሬት የታሰረ፣ የተማሪው በባልቴቶች ርኅራኄ የቆመ። ይህ ሁለትነት ወደ ኋላ እንደምናየው ጨርሶ አልጠፋም።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ነግሠው በነበረበት ዘመን የውጭ አገር ሰዎች ወደ ሸዋ መምጣት ጀምረው ነበር። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በዚያ ተቀምጧል፤ የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስም በ1841 ገብቶ በዚያው ዓመት ውል ተፈራርሟል። ይሁን እንጂ ንጉሡ ከባዕድ አብልጠው የሚሹት የጦር መሣሪያና የእጅ ጥበብ ነበር። በአልዩ አምባ ገበያ ከሚያልፈው ነጋዴ የሚሰበሰበው ቀረጥ ለግምጃ ቤቱ እንጂ ለፊደል ትምህርት አልተመደበም። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. ወደ ሸዋ ከተመለሱ በኋላ አንኮበር ዋና ከተማቸው ሆነች፤ በኋላ ግን መንግሥቱ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ሲሻገር ገንዘቡም አብሮ ሄደ። በዚህ ምክንያት በስማቸው የተጠራው የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው በአዲስ አበባ ነው፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትም በ1917 ዓ.ም. እዚያው ተከተለ። ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት በሚገባና በሚወጣ ዕቃ ላይ ለትምህርት የሚውል ስድስት በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ይከፈል ነበር። ይህ ቀረጥ የተወሰደው ከባቡር ሐዲዱ ከሚመጣው ንግድ ስለ ሆነ፣ ለአንኮበር ገበሬ ሸክሙም ጥቅሙም ሩቅ ነበር።

የጉዳዩ ዋና ክፍል የሚጀምረው ከነጻነት በኋላ ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬትን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት ከፈለ። በሸዋና ይህን ሥርዐት በተቀበሉት ጠቅላይ ግዛቶች በአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ በለም ጠፍ 10 ብር፣ በጠፍ 5 ብር ግብር ተጣለ፤ የዐሥራቱ ገንዘብ ደግሞ 35፣ 30 እና 10 ብር ሆኖ ተደመረበት። በ1940 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 94 የትምህርት ግብር የሚባል ሦስተኛ ክፍያ በመሬቱ ላይ ተጨመረ። የትምህርት ግብሩን ከሌሎቹ የሚለየው የመጠኑ ነገር አይደለም፤ የታሰረ መሆኑ ነው። ገንዘቡ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል፣ አወጣጡንም የአካባቢ የትምህርት ቦርድ እንዲቆጣጠረው ታሰበ። የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ወጪ ግን ከማዕከላዊው ግምጃ ቤት ይከፈል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። የአዋጁ አሳብ፣ ባላገሩ የልጁን ትምህርት ቤት ከማሳው አጠገብ ሲሠራ እያየ ቢከፍል ግብሩን አይጠላውም የሚል ነው። በተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ዋና ከተማ በደብረ ብርሃን ይህ አሳብ በከፊል ሠርቷል ማለት ይቻላል፤ በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም የተሰየመው ትምህርት ቤት ያደገው ግብሩን በሚከፍል ሕዝብ መካከል ነውና። ነገር ግን ከከተማው ወጣ ሲሉ ነገሩ ይለወጣል። ግብሩ የሚከፈለው ከየማሳው ሲሆን ትምህርት ቤቱ የሚሠራው በመኪና መንገድ ዳር ባለ ከተማ ነበር። ከአንኮበር ገደል በታች የሚኖር ገበሬ ልጁን ደብረ ብርሃን ልኮ ለማስተማር ቤት መከራየት፣ ስንቅ መላክና የእረኛ እጅ ማጣት ነበረበት። ስለዚህ ገበሬው ግብሩን ይከፍላል፤ የተማረው ግን በአብዛኛው የነጋዴው፣ የጸሐፊውና የፖሊሱ ልጅ ነበር። ገንዘቡ ለትምህርት መታሰሩ እውነት ነው፤ ለከፋዩ ልጅ ትምህርት መታሰሩ ግን አይደለም።

ሌላም ችግር ነበረ። ሕጉ ግብሩን በባለ መሬቱ ላይ ቢጥለውም፣ ጭሰኛ በበዛበት አገር ባለ መሬቱ ሸክሙን ወደ ጭሰኛው ያሸጋግረው ነበር። በመንዝና በተጉለት ደጋ ብዙው ሰው ባለ ርስት ስለ ሆነ ግብሩን በራሱ ስም ወይም በወገኑ ስም ይከፍል ነበር፤ ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ ግን ጭሰኝነት ይበዛል፤ በዚያም መሬቱ የሌላ፣ ግብሩ የእርሱ፣ ትምህርት ቤቱ የሦስተኛ ሰው የሆነበት ጭሰኛ ይገኝ ነበር። ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ የጤና ግብር በዚሁ መሬት ላይ ሲታከል ሸክሙ ጨመረ። እንደ እኔ አስተያየት የትምህርት ግብር ትልቁ ስሕተት ከመሬት መወሰዱ አልነበረም። በዘመኑ ከመሬት የተሻለ ሊሸሸግ የማይችል ሀብት አልነበረም። ስሕተቱ የቦርዱ ወንበር በባለ ሥልጣንና በባለ መሬት ተይዞ ከፋዩ ገበሬ በሒሳቡ ላይ ቃል ሳይኖረው መቅረቱ ነው።

የጉድለቱን ነገር አስቀድመው የተረዱ ሰዎች አልጠፉም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በዩኔስኮ ረዳትነት በማጀቴ የኅብረተ ሰብ ትምህርት ቤት መምህራን ማሠልጠኛ ተቋቁሞ ነበር፤ በኋላም ወደ ደብረ ብርሃን ተዛውሯል። ሥልጠናው ከፊደልና ከቁጥር ሌላ ስለ ጤና፣ ስለ እርሻና ስለ ቤት አያያዝ የሚያስተምር መምህር ወደ ገጠር ለመላክ የታሰበ ነው። ቤቱን የሠፈሩ ሰው በጭቃና በእንጨት ያቆማል፤ መንግሥት መምህሩን ይልካል። በዚህ ዓይነት የገበሬው ጉልበት ለጎደለው ገንዘብ ምትክ ሆነ። በ1950ዎቹ መጨረሻ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የተጀመረው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕንፃ ሥራም የሕዝቡን ድርሻ የሚጠይቅ ነበር። በአንኮፋዳው ዘመን ተማሪው በየደጁ ይለምን እንደ ነበረ ሁሉ፣ አሁን ደግሞ ትምህርት ቤቱ ራሱ በየደጁ የሚዞር ሆነ።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ ተሰበሰበ። ጉባኤው እ.ኤ.አ. እስከ 1980 ድረስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአህጉሩ ለሁሉም እንዲዳረስ ወሰነ። ለአስተናጋጇ አገር ግን ጉባኤው የሚያሳፍር ነገር ይዞ መጣ፤ ቁጥሩ ሲነጻጸር ኢትዮጵያ በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከአፍሪካ አገሮች መጨረሻ ተርታ ላይ ተገኘች። ቅኝ ያልተገዛች አገር ቅኝ ከተገዙት ኋላ መገኘቷ በዘመኑ ምሁራን ዘንድ ብዙ ንግግር አስነሥቷል። ከዚህ ጉባኤ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ በአዋጅ ቁጥር 183 የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ተቋቋመ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት ውስጥ መግጠማቸው ማንንም ሊያስገርም ይችላል። ትምህርት ገንዘብ በጠማው ሰዓት አዲስ የገንዘብ ምንጭ ተከፈተ፤ ነገር ግን ምንጩ ወደ ትምህርት በሚወስድ ቦይ አልተያያዘም። የሎተሪው ትርፍ ከሌላው ገቢ ጋር ተደባልቆ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ገባ። በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 535 ድርጅቱ እንደ ገና ሲቋቋምም ትርፉ ለትምህርት ብቻ ይውላል የሚል ሥርዐት አልተሠራለትም።

ሎተሪ እንዴት እንደሚሠራ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ትኬት በብዛት ይታተማል፤ ለአከፋፋይ ይሰጣል፤ አከፋፋዩም ለአዟሪ ይሰጣል፤ አዟሪው በእያንዳንዱ ትኬት ላይ ጥቂት ኮሚሽን ያገኛል። ዕጣው በሕዝብ ፊት ይወጣል፤ ቁጥሮቹም በጋዜጣ ይታተማሉ። ከተሰበሰበው ብር ላይ የአሸናፊዎች ሽልማት፣ የአዟሪና የአከፋፋይ ኮሚሽን፣ የኅትመትና የአስተዳደር ወጪ ከተነሣ በኋላ የተረፈው የመንግሥት ነው። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት ደግሞ 1000 ብርና ከዚያ በላይ ያሸነፈ ሰው ከሽልማቱ ላይ 15 በመቶ ግብር ይከፍላል። ስለዚህ መንግሥት ከዚህ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ይቀበላል፤ ከተሸነፈው በትርፍ፣ ካሸነፈው በግብር። መደበኛ ሎተሪ፣ እንቁጣጣሽ፣ የገና ስጦታ፣ ቶምቦላ፣ ፈጣን፣ ቢንጎ እየተባለ ስሙ ቢበዛም ሒሳቡ ያው ነው። በቅርብ ዓመታትም በስልክ የሚቈረጠው አድማስ ሎተሪ ተጨምሯል።

ደብረ ብርሃን የሎተሪ ንግድ ለማየት የምትመች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደሴ መንገድ ላይ ስላለች፣ አውቶቡስ ሁሉ ለቁርስ ይቆምባታል። ማለዳ በብርዱ ውስጥ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎችና እግራቸው የተጎዳ ሰዎች፣ ደግሞም ደብተር ይዘው በክፍል ሊገኙ የሚገባቸው ልጆች ትኬቱን እንደ ማራገቢያ ዘርግተው በመስኮት ሥር ይቆማሉ። ሎተሪ ለብዙ አካል ጉዳተኛና አረጋዊ ልመናን የሚያስቀር የእንጀራ ገመድ መሆኑን መካድ አይገባም። የልጆቹን ነገር ግን ሳየው አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። የሎተሪው ትርፍ ነገ ለትምህርት ቢታሰር፣ ትምህርት ቤቱን የሚያቆመው ገንዘብ የሚሰበሰበው ከትምህርት ቤት በቀረ ልጅ እጅ አይሆንምን?

በሎተሪ ትምህርት ቤት ማቆም በውጭው ዓለም የቈየ ልማድ ነው። በእንግሊዝ አገር የብሪቲሽ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1753 የተቋቋመው ፓርላማው ባስወጣው ሎተሪ ገንዘብ ነው። በአሜሪካም ሃርቫርድና የኒው ዮርኩ ኪንግስ ኮሌጅ (ዛሬ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው) በቀድሞ ዘመናቸው በሎተሪ ገንዘብ ሰብስበዋል። ከዚያም ማጭበርበር ስለ በዛ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት ሎተሪ በየግዛቱ እየተከለከለ ሄደ። እንደ ገና የተነሣው በኒው ሃምፕሻየር ነው። ያች ትንሽ ግዛት ጠቅላላ የሽያጭ ታክስም የደመወዝ ግብርም አልነበራትም፤ ግብር ከመጣል ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1964 ትኬቱን በ3 ዶላር እየሸጠች ከፈረስ እሽቅድምድም ጋር የተያያዘ ሎተሪ አወጣች፤ ትርፉንም ለትምህርት ሰጠች። ኒው ዮርክ በ1967 ተከተለች። የካሊፎርኒያ ሕዝብ በ1984 በድምፁ ያጸደቀው ሕግ ደግሞ ክፍፍሉን በግልጥ ጻፈው፤ ከመቶው 50 ለሽልማት፣ 34 ለሕዝብ ትምህርት፣ ከ16 የማይበልጠው ለአስተዳደር። ይህ ክፍፍል እ.ኤ.አ. በ2010 ተሻሽሏል፤ ለማስተማሪያ ግን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

በካሊፎርኒያው ሒሳብ አንድ ነገር እናስላ። ትምህርት ቤት 34 ብር እንዲያገኝ ሕዝቡ 100 ብር ማውጣት አለበት፤ 50ው ለጥቂት ዕድለኞች ይመለሳል፤ 16ቱ በመንገድ ይቀራል። ግብር ሰብሳቢ ከመቶው 16 ለራሱ ቢያስቀር ኖሮ ሌባ ይባል ነበር። በተጨማሪም የአሜሪካ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ክሎትፌልተርና ኩክ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ደኻው ከገቢው ለሎተሪ የሚያወጣው ድርሻ ከሀብታሙ የበለጠ ነው። የእኛው የመሬት ግብር ቢያንስ ለም መሬት የያዘውን ከጠፍ ባለቤት አብልጦ ያስከፍል ነበር፤ ሎተሪው ለም ከጠፍ አይለይም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በፍሎሪዳ የታየው ነገር ነው። በዚያ ግዛት ሎተሪው እ.ኤ.አ. በ1988 ሲጀመር ገንዘቡ ትምህርትን ያጠናክራል ተብሎ ለሕዝቡ ተነግሮ ነበር። የሎተሪው ብር መግባት ሲጀምር ግን ከመደበኛው በጀት ለትምህርት ይሰጥ የነበረው ድርሻ ዝቅ አለ። ሣጥኑ ከላይ ሲሞላ ከታች ተቀድዶ ነበር ማለት ነው። በጆርጂያ ግዛት የተደረገው ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ሎተሪ ጥሩ ውጤት ላመጡ ተማሪዎች የኮሌጅ ክፍያ ለሚሸፍን፣ ቀድሞ ላልነበረ፣ ሆፕ ለሚባል የነጻ ትምህርት ዕድልና ለመዋዕለ ሕፃናት ስለ ተመደበ፣ ከበጀት ላይ የሚቀነስ ምትክ ለማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። እያንዳንዱ ተማሪና ወላጁም ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ያውቁ ነበር። የጆርጂያው ሥርዐት ያለ ነቀፋ አይደለም፤ ውጤት የሚያመጣው በአብዛኛው የሀብታም ልጅ ስለ ሆነ፣ የደኻው ትኬት የሀብታሙን ልጅ አስተማረ ተብሏል። ከአንኮበር በታች ያለው ገበሬ ግብር የነጋዴውን ልጅ እንዳስተማረ ስናስታውስ ነቀፋው ለጆሮአችን እንግዳ አይሆንም።

ዕጣ ለሕዝባችን ባዕድ አይደለም። የወገን ርስት ሲካፈል በዕጣ ይካፈላል፤ ዕቁብ ሲወርድ በዕጣ ይወርዳል። የዕቁብ ዕጣ ከሎተሪው የሚለየው ግን በትልቅ ነገር ነው። በዕቁብ የሚጣለው ዕጣ ማን እንደሚቀድም ይወስናል እንጂ ማን እንደሚያጣ አይወስንም፤ ሁሉም የከፈለውን ያገኛል፤ ዳኛውና ጸሐፊውም የሠፈር ሰዎች ናቸው፤ ሒሳቡ በጉባኤ ይነበባል። በሕግ በኩል ደግሞ ቶምቦላ የሚባለው ከብሔራዊ ሎተሪ ፈቃድ እየተወሰደ ለታወቀ ዓላማ የሚወጣ ዕጣ አለ። ለትምህርት ቤት፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለልማት ማኅበር ቶምቦላ ማውጣት በየከተማው የተለመደ ነው። ከትልቁ ሎተሪ ይልቅ ይህ ትንሹ ለትምህርት ይቀርባል ባይ ነኝ። ትኬት የቈረጠው ሰው ጣሪያው ተከደነ አልተከደነም ብሎ በእግሩ ሄዶ ሊያይ ይችላልና።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የሆነውን በጥቂት ቃል እናልፈዋለን። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲታወጅ የጭሰኝነትና የባለ መሬትነት ሥርዐት ቀረ፤ የቀድሞው የመሬት ግብርና በላዩ የነበሩት የትምህርትና የጤና ግብሮች በገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና በእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ተተኩ። ለትምህርት ብቻ የታሰረው ገንዘብ በዚህ ተፈታ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሕዝብ መዋጮና በወጣቶች ጉልበት ተካሄደ። የ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ እስከ ዐሥረኛ ክፍል ያለውን ትምህርት በነጻ አደረገ፤ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪ ግን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ወጪ እንዲጋራ ሆነ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሲከፈት የገቡት ተማሪዎች ሁሉ ይህን የውል ወረቀት ፈርመዋል። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር የሚታሰብ ገንዘብ ተጀመረ፤ የወላጅ መምህር ኅብረትም በአወጣጡ ላይ ድምፅ እንዲኖረው ተደረገ። በ1940 ዓ.ም. ከተቋቋመው ቦርድ ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ መሻሻል ነው፤ ገንዘቡ ትንሽ መሆኑ ግን አልቀረም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ በሰሜን ሸዋ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፤ ደብረ ብርሃንም ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ተፈናቃዮችን ተቀበለች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» በሚል ስም ሕዝቡ ትምህርት ቤቶችን እንዲያድስ ጥሪ ያደረገው በዚህ ዘመን ነው። ስለዚህ ሎተሪው ለትምህርት ይታሰር የሚለው አሳብ እንዲያው የተማሪ ወሬ ብቻ አይደለም፤ ጣሪያ ከሌለው ክፍል የመጣ አሳብ ነው። እኔ ግን በመጀመሪያ ደግፌው የነበረውን አሳብ ታሪኩን ካየሁ በኋላ እንደ ነበረ ልይዘው አልቻልኩም። ትርፉ በጥቅሉ ለትምህርት ሚኒስቴር በጀት ይሰጥ ከተባለ የፍሎሪዳው ነገር ይደርሳል። ቀድሞ ላልነበረ፣ ስሙና ቦታው ለታወቀ ሥራ፣ ለምሳሌ በተጎዱት ወረዳዎች ያሉትን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጣሪያ ለመክደን፣ ለተወሰነ ዓመት ይሰጥ፤ ሒሳቡም በወላጆች ፊት ይነበብ ከተባለ ግን እደግፈዋለሁ። ይህም ቢሆን ግብርን አይተካም፤ ዕድል በዓመት ስንት ትኬት እንደሚሸጥ አስቀድሞ አይናገርም፤ የመምህር ደመወዝ ግን በየወሩ ይጠብቃል።

ስለ ትምህርት ግብር አንድ ነገር ሳልናገር ቀርቻለሁ። በርስት ክርክር ጊዜ የግብር ደረሰኝ እንደ ማስረጃ ለዳኛ ይቀርብ ስለ ነበረ፣ ባላገሩ ደረሰኙን በጨርቅ ጠቅልሎ በሙዳይ ወይም በከረጢት ለልጅ ልጁ ያስቀምጠው ነበር። በስሙ የተጻፈ ደረሰኝ ያለው ሰው ዳኛ ፊት አንገቱን ቀና አድርጎ ይቆማል፤ ግብሩን እየከፈለ በሌላ ወገኑ ስም ያስጻፈው ግን ኋላ ሲሟገት ይቸገር ነበር። ትምህርት ቤቱን ያላየ ገበሬ እንኳ ለትምህርት የከፈለበት ወረቀት በእጁ ቀርቷል። የሎተሪ ትኬት ግን ዕጣው በወጣ ማግሥት በደብረ ብርሃን መናኸሪያ ደጃፍ ከሙዝ ልጣጭ ጋር ይጠረጋል።